ሆድ ሳይፈጀው ሲቀር

አማርኛ ስለ ውስጥ ሕመም ሲናገር ብዙ ጊዜ ሰውየውን ባለቤት አያደርገውም። ጨነቀኝ፣ ከፋኝ፣ ጠበበኝ፣ ሆድ ባሰኝ እንላለን። በእነዚህ ግሶች አድራጊው ጭንቀቱ ነው፤ ተናጋሪው የሚደረግበት ነው። ብርድ እንደሚይዘው፣ ዝናብ እንደሚመታው ሁሉ ጭንቀትም ይመጣበታል፣ ይይዘዋል፣ ሲሻው ይለቀዋል። ከመራዊ ተነስቶ በዳንግላና በእንጅባራ አድርጎ ወደ ቡሬና ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ገበሬ ፊቱ ጠቁሮ ከታየ «ምን ሆነህ ነው?» ይባላል። «እንዲያው ከፍቶኝ ነው» ይላል። ምን እንዳስከፋው ቃሉ አይናገርም፤ ጠያቂውም ብዙ ጊዜ አይገፋም።

የማይገፋበት ምክንያት አለው። በጎጃም ገጠር ያደገ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚሰማት አንዲት ምክር አለች፤ «ሆድ ይፍጀው»። የተናገሩህን ክፉ ቃል፣ የበደለህን ዘመድ፣ ያጣኸውን ነገር ዋጠው፤ ሆድህ ያቃጥለዋል፣ አመድ ያደርገዋል ማለት ነው። «ሆድ ከአገር ይሰፋል» ይባላል ደግሞ። ይህን ምክር አላጣጥለውም። ጎረቤት ከጎረቤት፣ ምራት ከአማት፣ ወንድም ከወንድም በአንድ ደጃፍ በሚኖሩበት አገር ሁሉም ያሰበውን ቢናገር አብሮ መኖር ባልተቻለ ነበር። ነገር ግን ሆድ ሁሉን አይፈጅም። ሳይፈጀው የቀረው ነገር የሚወጣበት በር ይፈልጋል፤ በሩን ያላገኘ ሰው አንዳንድ ጊዜ በገዛ ገላው ላይ ይከፍተዋል።

አንዲት ልጅ እናስብ። የማንም ታሪክ አይደለችም፤ ነገሩን በሰው መልክ እንድናየው ያቆምኳት ናት። ከገጠር ቀበሌ ወጥታ ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትማራለች። አባቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ ድርቆሹን አስጭኖ ይመጣል። ስንቁን ሲያወርድ «ይኸው ልጄ፣ አንች ብቻ በርቺልን» ይላታል። ታናናሾቿ ከብት ይጠብቃሉ፤ እሷ ግን እንድትማር ተመርጣለች። ፈተና ወደቀች። ወይም አንድ ሰው አንድ ነገር አደረገባት፤ ለማን እንደምትነግረው አላወቀችም። ወይም ምንም ግልጽ ነገር የለም፤ ማታ ማታ ብቻ ደረቷ ይጠባል። አንድ ሌሊት በሩን በገዛ ገላዋ ላይ ከፈተችው፤ ከዚያ ሌሊት ወዲህ በሙቀቱም ቀን ረጅም እጅጌ ትለብሳለች።

እንዲህ ያሉ ልጆች፣ እዚህም በሌላውም ዓለም፣ ስለሚያደርጉት ነገር ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ ሰሚውን ያስደነግጣል፤ የጠበቀው መልስ ስላልሆነ ነው። ወላጅ «ልትሞት ፈልጋ ነው» ብሎ ያስባል። አብዛኞቹ ግን በዚያች ሰዓት ስለ ሞት አላሰቡም ነበር። የአእምሮ ሐኪሞችም ይህንን የመሞት ሐሳብ የሌለበት ራስን መጉዳት ብለው ለይተው ያጠኑታል። እ.ኤ.አ. በ2007 ዴቪድ ክሎንስኪ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር «ለምን?» የሚለውን የመረመሩ 18 ጥናቶችን አሰባስቦ ሲያያቸው፣ ከሁሉም በላይ ጎልቶ የወጣው ምክንያት አንድ ነበር፤ ሊሸከሙት ያልቻሉትን ስሜት ማብረድ።

የኛ ሰው ይህን በራሱ ቃል ይለዋል። «ወጣልኝ» ይላል። «ትንሽ ተነፈሰልኝ»፣ «ቀለል አለኝ» ይላል። ሌላው ደግሞ የሚናገረው ስለ ተቃራኒው ነው፤ «ደንዝዤ ነበር፤ በድን ሆኜ ነበር፤ ሰው መሆኔን ላውቅ ፈልጌ ነው።» ስሜት የበዛበትና ስሜት የጠፋበት ወደ አንድ በር መምጣታቸው እንግዳ ይመስላል፤ ግን ሁለቱም የሚሹት አሁን ካሉበት ሁኔታ መውጣትን ነው። ከእነዚህ ሁሉ ለመስማት የሚከብደኝ ሦስተኛው መልስ ነው። «ይገባኛል» ይላሉ። በደለኛ ነኝ፣ የአባቴን ድካም ከንቱ አስቀረሁ፣ ስለዚህ ልቀጣ ይገባኛል። ዳኛውም ተከሳሹም ቀጪውም በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ሆኖ ተቀምጧል።

«ትኩረት ፈልጋ ነው» የሚለው የብዙዎች ፍርድ ግን ከእውነቱ ሩቅ ነው። ማቲው ኖክና ሚቸል ፕሪንስቲን እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት በአእምሮ ሕክምና ተኝተው የነበሩ 108 ወጣቶችን መርምረዋል። ወጣቶቹ ከሰው አንድ ነገር ለማግኘት ሲሉ ከማድረጋቸው ይልቅ የራሳቸውን ውስጥ ለማርገብ ማድረጋቸው እጅግ ይበልጥ ነበር። ነገሩን ማሰብም ይበቃል። ትኩረት የፈለገ ሰው በሙቀት ቀን ረጅም እጅጌ ለብሶ ይውላል? ጓደኞቹ እስኪተኙ ይጠብቃል? ደግሞስ አንዲት ልጅ ሰው እንዲያያት ብትፈልግ፣ ሌላ መንገድ አጥታ እዚህ መድረሷ ሊያስቆጣን ነው ወይስ ሊያሳዝነን?

እዚህ ላይ ወደ ሰዋስዉ ልመለስ። «ጨነቀኝ» ስትል የኖረችው ልጅ፣ ሁሉም ነገር የሚመጣባት እንጂ እሷ የምታመጣው ነገር ያልነበራት ልጅ፣ በዚያች ደቂቃ ለመጀመሪያ ጊዜ አድራጊ ትሆናለች። ጭንቀቱ ቅርጽም ቦታም የለውም፤ ቁስል ግን ቦታ አለው፣ ይታያል፣ ይታጠባል፣ ይድናል። ይህን የምለው ድርጊቱን ላሳምር ብዬ አይደለም። እፎይታው አጭር ነው። ሲሄድ እፍረት ይተካዋል፤ እፍረቱ ራሱ ሌላ ጭንቀት ይወልዳል፤ ያ ጭንቀት ደግሞ ያንኑ በር ያንኳኳል። ብዙዎች «መጀመሪያ እኔ ነበርኩ የማዘው፤ በኋላ እሱ ያዘኝ» የሚሉት ለዚህ ነው። አድራጊነቱን ሲነጠቁ ግሱ ተመልሶ የሚያደርግባቸው ይሆናል።

ገላን መጉዳት ለዚህ አገር ባዳ ነው የሚል ካለ ግን ታሪኩን አላየም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 የዓባይን ምንጭ ፍለጋ እዚሁ ምዕራብ ጎጃም፣ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ደርሶ ነበር። በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ አገሬው ሴቶች ሐዘን ጽፏል፤ የቅርብ ዘመድ ሲሞት ሆን ብለው ባሳደጉት የትንሽ ጣት ጥፍር ከዓይናቸው ጎን ያለውን ቆዳ እንደሚቧጥጡ፣ ሐዘንተኛን ሴት በፊቷ መለየት ይቻል እንደነበር። አያቶቻችን ፊት መንጨት የሚሉት ይህ ነው። ደረት መምታቱ፣ ጠጉር መላጨቱ፣ መሬት ላይ መንከባለሉ አብሮት አለ። ቤተ ክርስቲያን ስታወግዘው ኖራለች፤ ኦሪት ዘሌዋውያን ለሞተ ሰው ሲሉ ሥጋን መንጨትን ይከለክላልና። ቢሆንም ልማዱ ለረጅም ዘመን አልጠፋም። ያልጠፋበትን ምክንያት ስፈልግ የማገኘው፣ ሐዘንተኛዋ ብቻዋን ያልነበረች መሆኗን ነው። ስትነጭ እጇን የሚይዙ ሴቶች በግራና በቀኝ ነበሩ። «በቃሽ፣ በቃሽ እህቴ» የሚላት ነበር። አልቃሿ የሟቹን ስም እየጠራች የእሷን ሕመም በግጥም ታወጣላት ነበር። ቀኑ ሲያልፍ፣ ሰልስቱ ሲወጣ፣ ፊቷ ሲሽር፣ መላው ቀዬ ያውቅላት ነበር።

ሌላም ምሳሌ አለኝ፤ ይኸኛው ዛሬም በየዓመቱ የምናየው ነው። በስቅለት ቀን ምእመናን ሲሰግዱ ይውላሉ። ማታ ወደ ካህኑ ቀርበው ኃጢአታቸውን ይናገራሉ፤ ካህኑም በወይራ ዝንጣፊ ጀርባቸውን መታ መታ ያደርጓቸውና የሚሰግዱትን ቁጥር ይነግሯቸዋል። ቁጥሩ ሲሞላ ያበቃል። ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ ትንሣኤ ይመጣል። «ይገባኛል» የምትለው ልጅ የምትፈጽመው ቅጣት ይህን ይመስላት ይሆናል፤ አንዳንዶችም ንስሐ ነው ብለው ያስቡታል። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። የካህኑ ቅጣት ቁጥር አለው፤ የእሷ የለውም። ያኛው የሚያበቃው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» በሚል ድምፅ ነው፤ በእሷ ክፍል ግን ማንም ይፍታሽ አይላትም፤ ዳኛውም ራሱን መፍታት አይችልም።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ካነሳሁ አይቀር፣ በጎጃም ገጠር አንዲት ልጅ ራሷን መጉዳቷን የሚሰማ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ሐኪም አይደለም፤ ክፉ መንፈስ ነው። ዛር፣ ቡዳ፣ ሰይጣን ይባላል፤ ወደ ጸበል ይኬዳል። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ውስጥ በአንዲት የዛር ባለ ውቃቢ ቤት ወራት ተቀምጦ ያየውን በ1958 በመጽሐፍ አውጥቶታል። ዛር ያለባት ሴት ስታጓራ፣ ደረቷን ስትደቃ «እሷ አይደለችም» ይባል ነበር። ይህ አባባል ለታማሚዋ የሚሰጣት ነገር አለ፤ ጥፋተኛ ከመባል ያድናታል። የሚነጥቃትም አለ፤ የምትለውን የሚሰማት ይጠፋል፤ የሚጠየቀው ዛሩ ነውና።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚይዘኝ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ያለው ታሪክ ነው። በመቃብር መካከል የሚኖር ሰው ነበር፤ ሌትና ቀን እየጮኸ ገላውን በድንጋይ ይጎዳ ነበር። የአገሩ ሰዎች ያደረጉለት ነገር በሰንሰለት ማሰር ነበር። ጎጃም ውስጥ ይህን ታሪክ የማያውቅ ምእመን አይገኝም፤ ሌጌዎን የተባሉትን አጋንንትም የገቡባቸውን እሪያዎችም ሁሉም ያስታውሳቸዋል። ጥቂት ሰው ብቻ ልብ የሚለው ግን ጌታ ስሙን መጠየቁን ነው። መጨረሻውንም እንረሳዋለን፤ ሰውየው ለብሶ፣ ልቡ ተመልሶ፣ ተቀምጦ ተገኘ፤ አብሬ ልሂድ ሲል ወደ ቤቱ፣ ወደ ዘመዶቹ እንዲመለስ ተነገረው። ከታሪኩ ሰንሰለቱንና አጋንንቱን ብቻ ወስደን ጥያቄውንና ቤቱን ትተናል። ልጇን ጸበል የምትወስድ እናት ወደዚያ መውሰዷ አይደለም የሚያሳስበኝ፤ በመንገዱ ሁሉ ሳታናግራት መውሰዷ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ራስን መጉዳት ብዙ ጊዜ የተጠናው ራስን ለማጥፋት ከመሞከር ጋር ተዳብሎ ነው። ከሁሉ የሚጠቀሰው የቡታጅራው ጥናት ነው። እነ ዶክተር አታላይ ዓለም እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት በዚያ ጥናት 10,468 ጎልማሶች ተጠይቀው ከመቶ 3.2 ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው እንደሚያውቁ ተናግረዋል፤ ከመካከላቸው የሚበዙት ሴቶች ነበሩ። ቁጥሩ ትንሽ ከመሰለ፣ መቶ ሰው በሚቀመጥበት የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሦስት ሰው ማለት ነው። የመሞት ሐሳብ የሌለበት ራስን መጉዳት ደግሞ ከዚያ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተለያዩ አገሮችን ጥናቶች ያጠቃለለ አንድ ሥራ ከመቶ ወጣቶች 17ቱ ገደማ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዳደረጉት አግኝቷል። ሁለቱ ነገሮች ይለያዩ እንጂ አጥር የላቸውም። ራሱን የሚጎዳ ሰው ውሎ አድሮ ለሞት ሐሳብ የመጋለጥ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ «ልትሞት ፈልጋ አይደለም» ብሎ ተኝቶ ማደር አይገባም።

እዚህ አካባቢ ደግሞ ሌላ ሸክም ተጨምሯል። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በመራዊ ከተማ ቢያንስ 45 ሲቪሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አረጋግጫለሁ ብሏል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ቤት ሐዘን ገብቷል። ከተማ በእንዲህ ያለ ሐዘን ውስጥ ሲያልፍ የአንዲት ልጅ የሌሊት ጭንቀት ከሁሉ ኋላ ይሰለፋል። ለራሷም ለመናገር ታፍራለች፤ «ሰው ሞቶ እያለ እኔ ምን ሆንኩ ብዬ?» ትላለች። ይህች «እኔ ምን ሆንኩ ብዬ» ብዙ ልጅ ዝም አሰኝታለች።

ታዲያ የት ይኬዳል? ለረጅም ዘመን የዚህ አገር የአእምሮ ሕክምና ማለት አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ማለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 የሥነ አእምሮ ነርሶችን ማሠልጠን ተጀመረ፤ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት ማድረግ የጀመረው ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2003 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ስፔሻሊስት ላልሆኑ የጤና ባለሙያዎች ባወጣው መመሪያ ራስን መጉዳትን ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥቶታል። መመሪያው አንድ የቆየ ፍርሃት ያነሳል፤ ስለ ነገሩ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን ይዘራል የሚለውን። አይዘራም። እንዲያውም መጠየቁ ብዙ ጊዜ ጭንቀቱን ያረግበዋል። ስለዚህ የጤና ጣቢያ ነርስም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም፣ መምህርም፣ የንስሐ አባትም መጠየቅ ይችላሉ፤ ከአቅማቸው በላይ ሲሆን ወደ ሆስፒታል መላክ ነው። የሞት ሐሳብ ካለ ግን ብቻዋን አለመተው፣ የዚያኑ ዕለት መውሰድ።

ወላጆችን ከሐኪም የሚያርቃቸው አንድ ፍርሃት ፖሊስ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ ያነሳሳን ወይም የረዳን ነው። ቆስላ የመጣች ልጅ ታካሚ ናት።

ሕክምና መኖሩን ለሚጠራጠር አንድ ሰው ላንሳ። አሜሪካዊቷ ማርሻ ሊነሃን ራሳቸውን ለሚጎዱ ሰዎች የሚሆን የንግግር ሕክምና የፈጠሩ፣ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1991 በጥናት ያሳዩ ምሁር ናቸው። በሕክምናቸው ሰው ስሜቱን በስሙ መጥራትን፣ ማዕበሉ እስኪያልፍ መቆየትን፣ እርዳታ መጠየቅን እንደ ሙያ ይማራል። እ.ኤ.አ. በ2011 ታካሚ ሆነው ወደነበሩበት ሆስፒታል ተመልሰው ለታዳሚ ተናገሩ፤ በ17 ዓመታቸው እዚያ ገብተው ሳለ ራሳቸውን ይጎዱ ነበር። መድኃኒቱን ያዘጋጁት ሕመሙን ከውስጥ የሚያውቁት ነበሩ ማለት ነው። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ ራሱን የጎዳ ሰው ስለ ሕመሙ የሚናገረው ነገር ለሐኪሙም ዕውቀት መሆኑን ነው።

አሁን ወደ ፍኖተ ሰላሟ ክፍል እንመለስ። እናቲቱ ሳይታሰብ መጥታለች እንበል፤ ልጂቱ ውኃ ስትቀዳ እጅጌዋ ተሰብስቦ አየች። በዚያች ቅጽበት ከአፏ ሊወጡ የሚችሉ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አሉ። አንደኛው «ምን አደረግሽ! አዋረድሽኝ!» የሚለው ነው። ከድንጋጤ የሚወጣ ነው፤ ክፋት የለበትም። ልጂቱ የምትሰማው ግን የራሷን ዳኛ ድምፅ ነው፤ አድራጊ ናት፣ ጥፋተኛ ናት፣ ይገባታል። ሁለተኛው በጎጃም እናቶች አፍ ላይ ሁሌም ያለ፣ ልጅ ሲወድቅ፣ ልጅ ሲታመም የሚወጣ ነው፤ «ምን ሆንሽብኝ ልጄ?»

በዚህ ቃል መጨረሻ ያለችውን «ብኝ» አስተውሏት። ልጂቱን ከአድራጊነት ወደ የሆነባት ሰውነት ትመልሳታለች። የሆነውም በእሷ ብቻ ላይ አልቆመም፤ በእናቲቱም ላይ ሆኗል። ሌላ ቋንቋ በብዙ ቃል የሚለውን እናት በሁለት ፊደል ትለዋለች።

ልጂቱ ወዲያው አትመልስም። «ምንም» ትላለች፤ እጅጌዋን ትጎትታለች። እናቲቱ እጇን አልያዘችም፤ ስለ ቁስሉም ደግማ አልጠየቀችም። ነጠላዋን አውልቃ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከሰሉን አያያዘች። ጀበናው እስኪፈላ ስለ ላሟ፣ ስለ ታናሽ ወንድሟ፣ ስለ ቆላው ዘመዳቸው አወራቻት። ሁለተኛው ሲኒ ላይ፣ እናቲቱ እሳቱን እያራገበች ፊቷን ወደዚያ ባዞረችበት፣ ልጂቱ «እማየ» አለች። «ሌሊት ሌሊት ይጨንቀኛል።»

«እህ» አለች እናቲቱ፤ ማራገቢያውን አስቀመጠች።